አውሮፕላን ሊማሩ ሄደው ምት ይዘው የተመለሱት ጋሽ ሙላቱ

 የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከስቶክሆልም መልእክት ደረሰኝ። ልጁን ታሪክ አስተምሬዋለሁ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት እስክሪብቶ ዴስኩን ሲደበድብ ስንቴ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ! አሁን እዚያ ቀን ይሠራል፣ ማታ ማታ ከስዊድን ልጆች ጋር ድራም ይመታል። ጃዝ ነው የሚጫወቱት። የጻፈልኝን ላሳጥርላችሁ፦

«ቲቸር፣ ልምምድ ላይ ልጆቹ 'እስኪ የአገርህን ምት ምታልን' አሉኝ። ጀመርኩ፣ እጄ ላይ አልመጣ አለ። ሮኩንም ፈንኩንም እችላለሁ። ችክችካ ስሰማው ቀላል ነው፣ ስመታው ግን ጠፋብኝ። ተሳሳቁ፣ እኔ ግን አፈርኩ። ከእኛ ሰው በዚህ መንገድ ያለፈ አለ?»

ወዲያው አልመለስኩለትም። ምን እንደምለውም አላወቅኩም ነበር። መልሱን የሰጠኝ የቅዳሜው ሠርግ ነው።

እዚሁ ፉሪ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል። ሙዚቀኛው አንድ ልጅ፣ መሣሪያው አንድ ኪቦርድ። ድራመር የለም፤ ምቱ ኪቦርዱ ውስጥ ተቀድቶ ተቀምጧል፣ ልጁ ቁልፍ ሲጫን ይጀምራል፣ ሲጫን ይቆማል። ሕዝቡ ይጨፍራል፣ ደስ ይላል፣ ምንም አልጎደለም ብለን ነበር። ድንገት መብራት ሄደ። ድንኳኑ ጭር አለ። ይሄኔ ከጓዳ በኩል አንዲት እናት ከበሮ አንጠልጥለው ወጡና መምታት ጀመሩ። መጀመሪያ የአማርኛውን፣ ቀጥሎ የኦሮምኛውን። ጭብጨባው ተቀበላቸው። እውነቴን ነው፣ ከመብራቱ በፊት ከነበረው ጭፈራ ከመብራቱ በኋላ የነበረው በለጠ። መብራቱ ሲመለስ ልጁ ኪቦርዱን ለመክፈት አፈረ።

እቤቴ ገብቼ ለተማሪዬ መጻፍ ጀመርኩ። እየረዘመ ሲሄድ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

አገራችን ለከበሮ የሰጠችውን ክብር መጀመሪያ እናስብ። በቤተ ክርስቲያን ከበሮ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍር ደግሞ ጌታ የተገረፈው ግርፋት። በቤተ መንግሥት ነጋሪት ካልተጎሰመ አዋጅ አዋጅ አይባልም ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1942 የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም እንኳ የተሰጠው ስም «ነጋሪት ጋዜጣ» ነው። ዛሬም ፓርላማው ያወጣው ሕግ የሚታተመው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ሕጓን በከበሮ ስም የሰየመች አገር ናት፣ ልብ በሉ።

ከበሮ መቺውን ግን ማን ያውቀዋል? የዘፋኙን ስም እናውቃለን፣ የባንዱን ስም እናውቃለን። የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ሸክላዎች ገልብጣችሁ እዩ፤ ዘፋኙ በትልቁ ተጽፏል፣ ከኋላው ተቀምጦ ያንን ሁሉ ሰው ያስጨፈረው ሰውዬ ብዙውን ጊዜ የለም።

ከዚህ የመቺዎች ወገን በዓለም ፊት ስሙ የወጣ አንድ ሰው አለን፦ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ። «እሳቸውማ ቫይብራፎን ነው የሚጫወቱት» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ግን ቫይብራፎን ምንድን ነው? በዱላ የሚመታ የብረት ዘንግ ነው። ዜማ ያወጣል እንጂ ዘሩ ከከበሮ ነው። ጋሽ ሙላቱ ከቫይብራፎኑ ሌላ ኮንጋም ይመታሉ፤ የተማሩትም ቫይብራፎንና የምት መሣሪያዎችን ነው።

የተወለዱት በ1943 (በእኛ 1936 ዓ.ም.) ጅማ ነው። ቤተሰቡ ደህና ኑሮ ነበረው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ልጁን ወደ ዌልስ ላኩት፤ ሊንድስፋርን የሚባል ትምህርት ቤት። ሐሳባቸው ኢንጂነር እንዲሆን ነው፣ ያውም የአውሮፕላን። የዚያን ጊዜ ወላጅ ሕልም ይኸው ነበር፤ ልጅ ፈረንጅ አገር ይሄዳል፣ ሙያ ይዞ ይመለሳል፣ አገር ይገነባል። ሙዚቃ ሙያ አይባልም ነበር። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለውን ስድብ ዛሬም የሚሰነዝር ወላጅ አለ፤ ያኔማ አስቡት።

ትምህርት ቤቱ ግን ተማሪው ሁሉንም እንዲሞክር ዕድል የሚሰጥ ዓይነት ነበርና የልጁ ዝንባሌ እዚያ ታየ። ከዌልስ ወደ ለንደን፣ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ። የወቅቱ ለንደን ደግሞ ነጻ በመውጣት ላይ ባሉ የአፍሪካና የካሪቢያን አገሮች ልጆች የተሞላች ናት። ጋሽ ሙላቱ ከጉያና ከመጣው ድምፃዊና ከበሮ መቺ ከፍራንክ ሆልደር ጋር ሠርተዋል። የጋናና የናይጄሪያ ልጆች ሃይላይፍን ይዘው በክበቦቹ የአገራቸውን ስም ሲያስጠሩ ያያሉ። እሳቸው ራሳቸው በየቃለ መጠይቁ እንደሚያነሱት ጥያቄው የተወለደው እዚያ ነው፦ የእኛስ ሙዚቃ የት አለ?

ልብ በሉ፤ ይህ ጥያቄ ጅማ ላይ አልመጣባቸውም፣ አዲስ አበባም ላይ አልመጣባቸውም። የመጣባቸው ለንደን ላይ ነው። ስቶክሆልም ላለው ልጄ የምለው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። አንተ ያፈርክበትን እፍረት የሚመስል ነገር በአንድ ወቅት ጋሽ ሙላቱም ቀምሰውታል። ሰው የጎደለውን የሚያየው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሲርቅ ነው።

ከዚያ አትላንቲክን ተሻግረው ቦስተን፣ በርክሊ። በርክሊ የዛሬው ግዙፍ ተቋም አልነበረም፤ በ1945 በሌላ ስም የተከፈተ፣ ጃዝን እንደ ትምህርት ከሚያስተምሩ ጥቂት ቦታዎች አንዱ የሆነ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር። ጋሽ ሙላቱ ከአፍሪካ የገቡ የመጀመሪያው ተማሪ ናቸው። ቫይብራፎንና የምት መሣሪያዎችን ያጠኑትም እዚህ ነው።

ከቦስተን ኒው ዮርክ። በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት አልበሞች ወጡ፤ ባንዱ «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ይባላል፣ ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው የፖርቶሪኮ ልጆች ናቸው። ሥራዎቹ ከአንዱ በቀር ድምፃዊ የለባቸውም። ያ አንዱ «ኢፋራም ጋሚ ኢፋራም» ነው፤ ርእሱ የእኛው ፉከራ፣ የተዘፈነው ግን በስፓኒሽ! ሳስበው ያስቀኛል፣ ግን ቀልድ አይደለም። ሰውዬው ድልድይ እየፈለጉ ነበር።

ለምን ላቲን? እዚህ ላይ ትንሽ ላስተምር፣ የአስተማሪነት አመል አልለቀቀኝም። ችክችካችንን በጠረጴዛ ላይ ሞክሩት። እስከ 6 ቁጠሩ፣ እየደጋገማችሁ። 1 እና 4 ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፣ 3 እና 6 ላይ ቀለል አድርጋችሁ። «ዱም፣ ታ-ዱም፣ ታ-ዱም» ይላል። አሁን እነዚያኑ 6 ቁጥሮች በ1፣ በ3፣ በ5 ላይ አጨብጭቡ። ያው 6 ናቸው፤ ቅድም ሁለት ሦስቶች ነበሩ፣ አሁን ሦስት ሁለቶች ሆኑ። ጥሩ መቺ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በልቡ ይሰማል። እግርህ በአንዱ ይሄዳል፣ ትከሻህ በሌላው ይነቀነቃል። እስክስታ ለማያውቀው ሰው ግራ የሚያጋባው ለዚህ ነው።

ይህ የስድስት ምት በምዕራብ አፍሪካም ዘመዶች አሉት። በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ይዘውት ኩባ ገባ፤ ከኩባና ከፖርቶሪኮ ደግሞ ኒው ዮርክ። ስለዚህ ጋሽ ሙላቱ ከፖርቶሪኮ ልጆች ጋር ሲጫወቱ ከባዕድ ጋር አልነበሩም። በአውሮፓው ምት ያደገ ድራመር 6ቱን እንደ ዋልስ ሊያደርገው ይሞክራል፤ የላቲኑ ልጅ ግን ወዲያው ይገባዋል።

ልጄ፣ ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው፤ ሮኩንና ፈንኩን መቻልህ ችክችካውን አላጠፋብህም። እጅህ በ4 መቁጠር ለምዷል፣ ያ ብቻ ነው። ሁለቱን ሦስቶችና ሦስቱን ሁለቶች አብረህ እስክትሰማ ድረስ በትሩን አስቀምጠህ አጨብጭብ።

ዜማው ላይ ያለው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ ቅኝቶቻችን አምስት አምስት ድምፅ ነው የሚይዙት። ጃዝ በ12ቱም ድምፅ እንደ ልቡ ይሄዳል። አሥራ ሁለቱን ዝም ብለህ ብትጨምርበት አምስቱ ይዋጣሉ። ሽሮ ላይ ቅመም እንደማብዛት ማለት ነው፤ ቅመሙ ያሸታል፣ ሽሮው ጠፍቷል። ኢትዮ-ጃዝ የሚባለው የጋሽ ሙላቱ ሥራ ዋናው ጥበብ እዚህ ጋ ነው፤ የአምስቱን ጠረን ሳያጠፉ ከሥራቸው 12ቱን ማስገባት።

የሚገርማችሁ፣ በእነዚያው ዓመታት ስዊድን ውስጥም አንድ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ነበር። ያን ዮሃንሰን የሚባል ፒያኒስት በ1964 የአገሩን የገጠር ዜማዎች በጃዝ ተጫውቶ አልበም አወጣ። ፒያኖና ባስ ብቻ፣ ድራም የለበትም፤ እንደ ክረምት ምሽት ጸጥ ያለ ነው። ስዊድኖቹ ዛሬም እንደ ቅርስ ያዩታል። የአገሩን ዜማ ወደ ጃዝ ለማምጣት እሱ ከበሮውን አስቀረ። እኛ ከበሮውን ብናስቀር የቅዳሜው ድንኳን መብራት እንደሄደበት ይቀራል። ልጄ፣ ለስዊድን ጓደኞችህ ዮሃንሰንን አንሳላቸው። የምትፈልገው ነገር ወዲያው ይገባቸዋል።

ወደ ጋሽ ሙላቱ ልመለስ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አገር ቤት ገቡ፤ ቫይብራፎንና ኮንጋ ይዘው። ጊዜው ጥሩ ነበር። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎች፣ ከዚያም የክበቦቹ ባንዶች ከተማዋን አድምቀዋታል። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ደፋር ወጣት፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ «የመጣው ይምጣ» ብሎ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላና 12 ያህል ትልልቅ አልበም አወጣ። ጋሽ ሙላቱ የብዙ ዘፋኞች አቀናባሪ ሆኑ። የራሳቸውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ1972 ኒው ዮርክ ቀረጹ፤ በ1974 ደግሞ «የካቲት ኢትዮ-ጃዝ» በአምሃ ወጣ።

ግን እልል ተብሎ አልተቀበላቸውም። ሰው ዘፋኝ ይፈልጋል፤ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለብዙው አድማጭ ያልተጨረሰ ሥራ ነው። አንዳንዱም ባህሉን ሊያበላሹብን ነው አለ። በኖቬምበር 1973 ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ መጣ፣ ከጃንሆይ ኒሻን ተቀበለ፤ ጋሽ ሙላቱም ከባንዱ ጋር ሠሩ። ኤሊንግተን በመንፈቁ አረፈ፣ የጃንሆይም ዙፋን ዓመት አልሞላውም።

አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ። የሌሊት ሙዚቃና ሰዓት እላፊ እንዴት ይስማሙ? አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ወጣ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት ታዳሚው እስኪነጋ ውስጥ ይቆለፍበት ነበር፤ በሩ የሚከፈተው ሰዓት እላፊው ሲነሣ ነው። ዋልያሶች በ1981 ለጉዞ አሜሪካ ሄዱ፤ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሺንግተን ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። እንደገና ዓለም ያወቃቸው በ2013 የድሮ ካሴታቸው ሲታተም ነው፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጡ ድራሙን የመታው ቶኒ በክ የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር። ኢትዮጵያዊውን ምት አውስትራሊያዊ መታው ማለት ነው፣ ያውም አሳምሮ። የዋልያስን ዝነኛ አልበም «ጨበለው»ን በ1977 የመታውስ? ተማረ ሐረጉ ይባላል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያልሰማ የለም፤ የተማረ ሐረጉን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጋሽ ሙላቱ አልወጡም። ቀሩ። በአዲስ አበባም በየክፍለ ሀገሩም ሠሩ፣ መረመሩ፣ አስተማሩ። ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱ የደራሼ ሕዝብ ዋሽንት ነው፤ ቻርሊ ፓርከር በጃዝ ውስጥ ያራቀቀውን ዓይነት ቅኝት የደራሼ ሰዎች በቀርከሃ ዋሽንት ሲጫወቱት ኖረዋል ይላሉ። እነዚህን የገጠር ሙዚቀኞች «ሳይንቲስቶች» ብለው ይጠሯቸዋል። ልዩ ሰው ያደረጋቸው ይሄ ይመስለኛል። በርክሊ የተማረ ሰው ተመልሶ ቀርከሃ ከሚነፋው እግር ሥር ሲቀመጥ።

ዓለም እስኪሰማቸው ስንት ጊዜ ፈጀ? በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከሚያሳትመው የ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ 4ኛውን ለእሳቸው ሰጠ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ሙዚቃቸውን አስገባ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ የሰጠውን ሲዲ መኪናው ውስጥ እየሰማ አገር ያቋርጣል። በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ «የገሌ ትዝታ»ን ወስደው ዘፈን ሠሩበት። ሃርቫርድ ለምርምር ጋበዛቸው፣ በርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ከመጀመሪያው አልበም እስከ ፊልሙ 39 ዓመት። ይህን ቁጥር የምጽፈው ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም ልጄ። ቸኩለህ እንዳትተወው ነው።

በነገራችን ላይ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተገልብጧል። «ዘ ኤክስ» የሚባለው የሆላንድ ባንድ በ2002 ኢትዮጵያን ዞሮ ሲጫወት ድራመሯ ካተሪና ቦርንፌልት ነበረች፤ ኋላ ከታላቁ ሳክስፎኒስት ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ዓመታት ሠሩ። ኖርዌያዊው ድራመር ፖል ኒልሰን-ሎቭም ከፈንድቃ ልጆች ጋር፣ ከበሮ መቺው ሚሳለ ለገሠ ባለበት፣ በአንድ መድረክ ቆሟል። የሰሜን አውሮፓ ድራመሮች የእኛን ምት ፍለጋ ካዛንቺስ ድረስ መጡ። የእኛ ልጆች ደግሞ ኪቦርድ ውስጥ የተቀዳውን ይዘን ፉሪ ድንኳን ውስጥ ቆመናል። ኪቦርዲስቱን አልወቅስም፤ አምስት ሰው ያለው ባንድ ለመቅጠር የትኛው ሙሽራ ገንዘብ አለው? ሰዓት እላፊው ባንዶቹን አዳከመ፣ የኑሮ ውድነቱ ጨረሳቸው። ግን የኪቦርዱ ምት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እናትዬዋ ቅዳሜ ሲመቱ 3ኛዋ ምት አንዴ ቀደም፣ አንዴ ዘግየት ትል ነበር፣ እንደ ጨፋሪው ሁኔታ። ሰው እያዩ ነበር የሚመቱት። ኪቦርዱ ሰው አያይም።

ለተማሪዬ በመጨረሻ የጻፍኩለት ይህንን ነው፦

«አዎ፣ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው አለ። እሳቸውም ሲወጡ ይዘውት አልወጡም፤ እዚያ ሆነው ጎደላቸው፣ ፈለጉት፣ ተመልሰው ከባለቤቶቹ ተማሩት። ስትመጣ ከእኔ ዘንድ እረፍ። ሰፈራችን ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ጋ እወስድሃለሁ። እስከዚያ እስከ 6 ቁጠር። ደግሞ ክፍል ውስጥ ስላስወጣሁህ ይቅርታ።»

ትናንት ማታ 40 ሴኮንድ የምትሆን ድምፅ ላከልኝ። በጠረጴዛ ላይ በእጁ የመታው። 3ኛዋ ምት ገና አልተስተካከለችም። ግን ባለቤቴ ከማእድ ቤት ሆና ሳትሰማኝ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ አየኋት።

እናንተም አንድ ውለታ ዋሉልኝ። በሰፈራችሁ፣ በቀበሌ ኪነት፣ በጦሩ ኦርኬስትራ፣ በክበብ፣ በትምህርት ቤት ባንድ ድራም ይመቱ የነበሩ በመድረክ የታወቁ ሰዎችን የምታስታውሱ ከሥር ጻፉልኝ። ሸክላው ላይ ያልተጻፈውን ስም ቢያንስ እዚህ እንጻፈው።

መልካም ሳምንት፣ ከፉሪ።